ምንጩ ያልታወቀ ኒውት፦ መለየት፣ መንከባከብ፣ አለመልቀቅ



ባለፈው ክረምት አቦምሳ ሳለሁ፣ አንድ ተማሪ ጅራትና ሁለት እግሮች ያሉት ጥቁር እንስሳ በጠርሙስ ይዞ መጣና «መምህር፣ ይህ ኒውት ይመስለኛል፤ ላሳድገው ወይስ ወንዝ ልልቀቀው?» ሲል ጠየቀኝ። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ኒውት ከእንቁራሪት በተለየ ጅራቱን ዕድሜ ልኩን ይዞ የሚኖር፣ የሳላማንደር ወገን የሆነ አምፊቢያን ነው። በአውሮፓ፣ በእስያ፣ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ይኖራል፤ ከሰሃራ በስተደቡብ ግን በተፈጥሮ አይገኝም። ስለዚህ በአገራችን እርሱን የሚመስል እንስሳ ስናገኝ አስቀድመን ሌሎቹን ማጣራት ይገባናል። ቆዳው ደረቅና ቅርፊታም፣ ጣቶቹም ባለ ጥፍር ከሆኑ እንሽላሊት ነው። በውሃ ውስጥ ያለ እጭ ከሆነ እግሮቹን እንመልከት። የእንቁራሪት እጭ የኋላ እግሮቹን አስቀድሞ ያወጣል፤ የኒውት እጭ የፊቶቹን ያስቀድማል፣ ከአንገቱ ግራና ቀኝም ላባ የመሰለ መተንፈሻ ይታይበታል።

የተማሪው እንስሳ ያወጣው የኋላ እግሮቹን ብቻ ነበር። እንቁራሪት ነውና በዚያው ቀን ወደተያዘበት ኩሬ እንዲመልሰው ነገርሁት።

ኒውት ቢሆን ኖሮ ምክሬ ተቃራኒው ይሆን ነበር፤ በሰው እጅ ከውጭ የመጣ ነውና። ዝርያው እስኪታወቅ ድረስ ለብቻው፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ውሃ ይስማማቸዋል፤ ለአቦምሳ ሙቀት ይህ ቀላል አይደለም። ውሃው ክሎሪን የሌለው ይሁን፤ መውጫ ድንጋይ ይኑረው፤ ምግቡም የምድር ትል ይሁን። ቆዳው መርዝ ሊኖረው ስለሚችል የነካ ሰው እጁን ይታጠብ።

ከሁሉ በላይ ግን እንስሳውም ሆነ የኖረበት ውሃ ወደ ወንዝ አይለቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ፣ ከእስያ የመጣ የቆዳ ፈንገስ በኔዘርላንድ የነበሩትን የእሳት ሳላማንደሮች ለመጥፋት አቅርቧቸዋል። አሜሪካም በ2016 የ201 የሳላማንደር ዝርያዎችን ማስገባት የከለከለችው ይህንኑ ፈርታ ነው። የዚህ ፈንገስ ዘመድ የሆነና እንቁራሪቶችን የሚያጠቃ ሌላ ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ተገኝቷል። ከ70 በላይ ከሆኑት የአገራችን አምፊቢያን ከሲሶ የሚበልጡት በሌላ አገር የሉም፤ በባሌ ሐረና ደን ብቻ የሚኖሩም አሉባቸው። እነዚህ እዚህ ከጠፉ ከየትም አናመጣቸውም።

«ልልቀቀው?» የሚለው ጥያቄ ከርኅራኄ የመነጨ ነው። ርኅራኄው ግን በጠርሙሱ ውስጥ ላለው ብቻ ሳይሆን በወንዙ ውስጥ ላሉትም ሊሆን ይገባል።