ከሲሬ ተነሥቶ ዓሣ ለማጥመድ፤ የቅዳሜና የእሑድ ጉዞ ዕቅድ



ስለ ዓሣ ማጥመድ ጉዞ ሲታሰብ ብዙውን ጊዜ በዓይነ ኅሊና የሚመጣው ከውጭ አገር መጽሔት የታየ ሥዕል ነው፤ በድንጋይ ላይ እየተንፏፏ የሚወርድ ንጹሕ ወንዝ፣ ከዳር የተተከለ ድንኳን፣ በዘንጉ ጫፍ የሚንፈራገጥ ባለ ነጠብጣብ ዓሣ። በሥዕሉ ላይ ያለው ዓሣ ትራውት ይባላል። በሲሬ ከተማ የሚሠሩ ሦስት ባልደረቦች ዓርብ ማታ ሻይ ይዘው ተቀምጠው «ነገ ማልደን ተነሥተን እሑድ ማታ ብንመለስስ?» ቢባባሉ፣ ያንን ሥዕል ከወዴት ያገኙታል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ከካርታው በፊት ውሃው ነው።

ትራውት የኢትዮጵያ ተወላጅ አይደለም። ቡናማው ትራውት የአውሮፓ፣ ቀስተ ደመና የተባለው ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ወንዞች ዓሣ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዞች ወደ ኬንያ ደጋማ ወንዞች አስገቡት፤ ከዚያም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ ከኬንያ ወደ ባሌ ተራሮች መጥቶ በወይብ፣ በሻያና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ። እዚያ ተዋልዶ ቀረ። በአገራችን ትራውት የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ ዲንሾ ነው፤ ይህችም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ያላት ብርዳማ ከተማ ናት። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ባሌ ላይ የቆመው ዓሣ በወለጋ ለምን አይቆምም? የትራውት የምቾት ሙቀት በግምት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው፤ ውሃው ወደ 24 ወይም 25 ሲደርስ መሞት ይጀምራል፤ ዕንቁላሉ ደግሞ ከዚያ እጅግ የቀዘቀዘ ውሃ ይሻል። በከፍታ ላይ የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ባኮ ወደ 1,650 ሜትር፣ ነቀምቴ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ሲኖራቸው፣ ሲሬ በሁለቱ መካከል በመንገዱ ላይ የምትገኝ ናት። በዲንሾና በባኮ መካከል ያለው የ1,350 ሜትር ልዩነት ወደ 9 ዲግሪ ያህል ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ነገሩን ይጨርሰዋል።

ይሁን እንጂ በመሐንዲስ ዓይን ደስ የሚያሰኘው የኦክስጅኑ ስሌት ነው። በባሕር ጠለል ላይ 10 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 11.3 ሚሊግራም፣ 24 ዲግሪ የሆነ ደግሞ ወደ 8.4 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሁለቱም ይቀንሳሉ፤ በዲንሾ ከፍታ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ 7.8፣ በባኮ ከፍታ ሞቃቱ ወደ 6.9 ይወርዳል። ልዩነቱ አንድ ሚሊግራም እንኳ ስለማይሞላ፣ ወረቀቱን ብቻ የተመለከተ ሰው «ይህ ምን ያህል ነው?» ሊል ይችላል። ነገር ግን የዓሣው ሰውነት ሲሞቅ የኦክስጅን ፍላጎቱ ይጨምራል፤ አቅርቦቱ ሲቀንስ ፍላጎቱ ያድጋል። በውሃ አቅርቦት ሥራ ላይ የኖረ ባለሙያ ይህን ዓይነቱን ሁኔታ ከከተማ ቧንቧ በሚገባ ያውቀዋል።

ከዚህ ቀጥሎ «ከነቀምቴ በላይ ካሉት ደጋዎች በአንዱ ጥቂት ጫጩት ብንለቅስ?» የሚል አይጠፋም። ሐሳቡ በቅን ልቡና የሚነሣ ቢሆንም ተገቢ አይደለም። ትራውት ሥጋ በል ነው። በካሊፎርኒያ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ቀድሞ ዓሣ ባልነበረባቸው ሐይቆች ትራውት ለአጥማጆች መዝናኛ ተብሎ በተለቀቀ ጊዜ የሐይቆቹ ነባር እንቁራሪቶች ክፉኛ ተመናምነዋል፤ በኋላም ዓሣው ከአንዳንዶቹ ሐይቆች ተለቅሞ ሲወጣ እንቁራሪቶቹ ማንሠራራት ጀምረዋል። የባሌ ተራሮችም በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች መኖሪያ ናቸው። እዚያ አንድ ጊዜ የተደረገውን በወለጋ ምንጮች ላይ መድገም ለሁለት ቀን ጨዋታ ሲባል የማይመለስ ዕዳ መግባት ይሆናል። ግድብ ቢበላሽ ይጠገናል፤ በወንዝ ውስጥ የተዋለደ ዓሣ ግን ተመልሶ አይሰበሰብም።

እንግዲህ ወደ ባሌ ይኬድ ቢባል መንገዱን ማስላት ነው። ከሲሬ አዲስ አበባ ወደ 280 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ዲንሾ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልሱ ከ1,350 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በሰዓት በአማካይ 60 ቢነዳ እንኳ ከ22 ሰዓት በላይ በመኪና ውስጥ መቀመጥ ይጠይቃል። ከቅዳሜና ከእሑድ የሚተርፈው ጊዜ ለመተኛትም አይበቃ። ትራውት የሚሻ ሰው የዓመት ፈቃዱን አስቦ፣ ቢያንስ ስድስት ቀን መድቦ፣ የማጥመጃ ፈቃዱንም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ይሂድ።

ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው ወደ ጊቤ ይውረድ። የአዲስ አበባና የነቀምቴ መንገድ ይህን ወንዝ የሚሻገረው በባኮ አቅራቢያ ነው፤ ከሲሬ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። የጊቤ ውሃ ወደ ኦሞ ወርዶ በቱርካና ሐይቅ ይቀራል እንጂ ከዓባይ ጋር አይገናኝም፤ ከነቀምቴ ወዲያ ያሉት ዲዴሳና አንገር ግን የዓባይ ገባሮች ናቸው። በጊቤ የሚጠበቀው ዓሣ ባርቡስ ነው፤ ቅርፊቱ ትልልቅ፣ ከንፈሩ ወፍራም፣ መንጠቆ ሲይዘው ወደ ጥልቁ የሚጎትት ብርቱ ዓሣ። በሥጋው ውስጥ ቀጫጭን አጥንት ስለሚበዛ ለምግብ ከትራውት ያንሳል፤ በትግሉ ግን የሚያንስ አይመስልም። የሐይቅ ዓሣ የሚመርጥ ደግሞ ወደ ፊንጫ ግድብ ሊሄድ ይችላል። ይህ በ1965 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ኀይል የተገነባ፣ ቆሮሶ የሚገኝበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ ነገር ግን ወደ ጌዶ ተመልሶ ወደ ሰሜን መታጠፍ ስለሚያስፈልግ ከጊዜው ግማሹን መንገዱ ይወስደዋል።

ወቅቱን በሚመለከት፣ በባኮ አካባቢ አብዛኛው ዝናብ የሚጥለው ከግንቦት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው። በእነዚህ ወራት ወንዙ ደፍርሶና ሞልቶ ስለሚወርድ መንጠቆ መጣል ከንቱ ድካም ነው። ውሃው የሚጠራው ከኅዳር ወዲህ ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ከሁሉ ይመረጣሉ።

ከወቅቱ ይልቅ የሚከብድ ጉዳይ አለ፤ ሳይጠቀስ የሚታለፍ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል፤ መንገዶችም ተዘግተው የከረሙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ የመጀመሪያ መስመር ስለ መንጠቆ ሳይሆን ስለ ሰላም ሊሆን ይገባል። በዋዜማው የወረዳውን አስተዳደር መጠየቅ፣ በዚያው ቀን ከመስመሩ የተመለሱ ሾፌሮችን ማነጋገር፣ በቀን ብርሃን ብቻ መጓዝ፣ ጥርጣሬ ካለ ጉዞውን ያለ ብዙ ክርክር ማስቀረት ያስፈልጋል። ስፍራው ሲደረስም የቀበሌው ኀላፊና የመሬቱ ባለቤት ሳያውቁ ድንኳን አይተከልም። ለአረጋዊው ገበሬ ቆሞ ሰላምታ ሰጥቶ፣ በአፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው አስቀድሞ ከየት እንደመጡና መቼ እንደሚመለሱ ማስረዳት ደንብ ነው። እንዲህ ያደረገ እንግዳ ማታ እሳቱ ላይ ወተት ይዞለት የሚመጣ ጎረቤት ሊያገኝ ይችላል።

የድንኳኑ ቦታ ሰፊ ማብራሪያ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ጉዞ ሕይወት የሚያሳጣው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ለመኝታ እጅግ ምቹ መስሎ የሚታየው ከወንዙ ዳር ያለው ለስላሳ አሸዋ ነው። አሸዋውን እዚያ ያመጣው ግን ጎርፍ ነው። ከራስ በላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በላይኛው ተፋሰስ የጣለ ዝናብ በሌሊት ወንዙን ሊያስነሣው ይችላል። ለድልድይ ጥናት ከፍተኛውን የውሃ ምልክት እንደሚፈልግ ባለሙያ፣ በዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የደረቀውን ሣርና ስብርባሪ መመልከት፣ ድንኳኑንም ከዚያ ምልክት ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ አድርጎ መትከል ነው።

ሁለተኛው ነገር ጉማሬ ነው። ጉማሬ ቀን በውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ የሚሄድበትም መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው። መንገዱ በሣሩ ውስጥ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ጎድጓዳ መስመሮች፣ በመካከላቸውም ከፍ ያለ ሸንተረር ሆኖ ይታያል፤ ከባዱ እንስሳ እግሮቹን አራርቆ ስለሚራመድ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ባለበት ወይም የወንዙ ዳር እንደ መወጣጫ በተደረመሰበት ቦታ ማንም አይተኛ። በጉማሬና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው ከሁሉ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ከውሃው መቶ ሜትር ያህል መራቅ ጠዋት ጥቂት ርምጃ ያስጨምራል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ሦስተኛው ወባ ነው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በሽታው በወለጋ እጅግ ተስፋፍቶ እንደነበረ የሚዘነጋ አይደለም። ጥሩ አጎበር ያልያዘ ሰው ቤቱ ይቀመጥ። ከተመለሰ በኋላ በሚመጡት ሳምንታት ትኩሳት የተሰማውም «ድካም ነው» ሳይል ይመርመር።

ዕቃው ቀላል ነው። አራት ሜትር ያህል የሆነ ደረቅ ቀርከሃ፣ 0.30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ክር፣ መካከለኛ መንጠቆ፣ ትንሽ እርሳስ ይበቃል። ለትራውት ከላባ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ዝንብ እዚህ አያስፈልግም፤ ባርቡስ የምድር ትልም ጠንከር ብሎ የተቦካ ሊጥም ይበላል። በአገሩ ቆየት ያለ ሌላ ዘዴ አለ፤ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ በመበተን ዓሣውን ማደንዘዝ ነው። ፍሬው በውስጡ ያለው ሮቴኖን የዓሣውን አተነፋፈስ ስለሚያውክ ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ ያጠፋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። አንዳንድ ጎልማሳ አሁንም በኩራት የሚያወራው የዳይናማይት ጨዋታም በዚሁ ውስጥ ይጠቃለላል።

ስለ ስንቅ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የወለጋ ሰው መንገድ ሲወጣ ምን እንደሚይዝ ከማንም በላይ ያውቃል። ጾም ካልሆነ ጩኮ፣ ጾም ከሆነ በሶና ቆሎ፣ ጨው፣ በርበሬ፣ ሎሚ፣ ጥቂት ዘይት፣ ቡናና ጀበና። የመጠጥ ውሃ ከወንዙ ከተቀዳ ይፈላ፤ በባኮ ከፍታ ውሃ በ94 ወይም በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጀርሞቹን ለመግደል ግን ይህ ይበቃል። ዓሣው ሆዱ ወዲያው ተከፍቶ ይጽዳ፤ አጥንቱ ስለሚያስቸግር ጎኑን በስለት ደጋግሞ በስሱ በልቶ፣ ጨውና ሎሚ አሽቶ፣ በጋለ ዘይት በደንብ ማድረቅ ይሻላል። ትንንሾቹ ከነነፍሳቸው ወደ ውሃው ይመለሱ። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ይነቀል፣ እሳቱ በውሃ ይጥፋ፣ ባለመሬቱን አመስግኖ በብርሃን ሲሬ ይገባል።