የወንዝ ዳር አዳኞች
በምድርና በውሃ ስለሚኖሩ ጢንዚዛዎች የተደረገ ንግግር



በመካኒሳ የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ለመሐንዲስ የሚታየው በጎርፉ መጠን፣ በድልድዩና በድጋፍ ግንቡ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ባለ ወንዝ ዳር፣ ውሃና አፈር በሚገናኙበት ጠባብ መስመር ላይ፣ ከማንኛውም ግንብ በፊት የነበሩ ሁለት አዳኞች ይኖራሉ። እነዚህም የምድር ጢንዚዛና ጠላቂው የውሃ ጢንዚዛ ናቸው። ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ሲሆኑ፣ በዓለም ላይ ከምድሮቹ ወደ 40,000፣ ከጠላቂዎቹም ከ4,000 የሚበልጡ ዝርያዎች ተመዝግበዋል።

የምድሩ ጢንዚዛ በአመዛኙ ቀን ከድንጋይና ከጓል ሥር ተሸሽጎ ይውልና ሌሊት በረጃጅም እግሮቹ እየሮጠ ትልን፣ ቀንድ አውጣንና የነፍሳትን እንቁላል ያድናል። ከወገኑ አንዳንዱ ተምችንና አባጨጓሬን ዋና ምግቡ አድርጓል። ሌላው ደግሞ በሆዱ ከረጢት ያጠራቀመውን ሃይድሮኪኖንና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ግድግዳው በጠነከረ ክፍል ውስጥ ከኢንዛይም ጋር በማገናኘት፣ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ፈሳሽ በጠላቱ ላይ ይተኩሳል።

የውሃው ጢንዚዛ የኋላ እግሮቹ በፀጉር የተከበቡ መቅዘፊያዎች ናቸው። የሚተነፍሰውን አየር ከላይኛው ክንፉ ሥር ይዞ ይጠልቃል፤ ሲያልቅበትም ወደ ላይ ወጥቶ ይተካል። ስለዚህ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ እንኳ ሊኖር ስለሚችል፣ እርሱ መታየቱ ብቻ ለውሃው ንጽሕና ማስረጃ አይሆንም። እጩም እንደ ማጭድ በጎበጡና ውስጣቸው ክፍት በሆኑ መንጋጋዎቹ የትንኝ እጭንና ሌላውን ታዳኝ ወግቶ፣ የሚያሟሟ ፈሳሽ ረጭቶ ይመጥጣል።

ለምሕንድስና ሙያ ዋናው ቁም ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። እጩ ካደገ በኋላ ከውሃው ወጥቶ፣ በርጥብ የዳርቻ አፈር ውስጥ ጎጆ ቆፍሮ፣ በዚያ ተኝቶ ወደ ክንፋም ጢንዚዛነት ይለወጣል። ከወንዙ ወለል እስከ መንገዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የቆመ የሲሚንቶ ግንብ ይህን መውጫ ይዘጋበታል። የምድሩንም ዘመዱን መሸሸጊያ ያሳጣዋል።

የኢትዮጵያ ድርሻ በዚህ ረገድ ቀላል አይደለም። እንግሊዛዊው የነፍሳት ሊቅ ሂው ስኮት በ1919 ዓ.ም. በአገራችን ደጋ ተዘዋውሮ ብዙ ናሙና ሰብስቧል። በዚሁ ዘመቻ የተገኙትን ጠላቂ ጢንዚዛዎች ጆይስ ኦመር ኩፐር በ1931 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ ገልጻቸዋለች። በሰሜንና በባሌ ተራሮች መብረር የተዋቸው፣ ከአገራችን በቀር በሌላ ሥፍራ የማይታወቁ የምድር ጢንዚዛዎች ይገኛሉ። መኖሪያው የጠፋበት የማይበር ፍጡር ወደ ሌላ ሥፍራ ሊሰደድ አይችልም።

በመካኒሳ ደግሞ ጉዳዩ የዕለት እንጀራ ጉዳይም ነው። በወንዙ ዳር ለብዙ ዓመታት በትንሹ አቃቂ ውሃ አታክልት ሲለማ ቆይቷል። ጎመን የሚበላውን ትል ለመግደል ያለ ልክ የሚረጭ መድኃኒት ትሉን የሚያድነውን ጢንዚዛም አብሮ ይገድላል፤ ትሉ ተመልሶ ሲራባም ገበሬው ያለ ረዳት ይቀራል።

በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የወንዞች ዳርቻ ልማት ሰፊ ሥራ ሆኗል። ጎርፍ ቤት በሚያሰጋበት ቦታ ግንብ መቆሙ ግድ ነው። ሌላው ቦታ ግን ለዘብ ያለ ተዳፋት፣ ሣር የለበሰ አፈርና በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት ያለው ጋቢዮን ሊበቃ ይችላል። የዳርቻ ንድፍ በሚጸድቅበት ጊዜ እጩ በየት በኩል ይወጣል ብሎ መጠየቅ ወጪው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ግንቡ ከቆመ በኋላ ግን መልሱን ማስተካከል ማፍረስን ይጠይቃል።