የአየሩ በር ቢሰፋ ሞተሩ ይበረታልን?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ጉዳይ እንደ ግድብ ወይም እንደ ድልድይ ያለ ታላቅ ሥራ አይደለም። በአንዲት ፒክ አፕ መኪና ሞተር ላይ ስለምትገኝ፣ በአንድ እጅ ልትያዝ ስለምትችል ዕቃ ነው። ሆኖም ይህች ዕቃ ታላቅ ወንድሜን ከገደል አፋፍ አድርሳው ስለ ነበረና በጥፋቱም ውስጥ የእኔ እጅ ስላለበት፣ ነገሩን ለባልደረቦቼ መናገር ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስበት ባለ 2.7 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ፒክ አፕ አለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናው የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ጉልበት ያንሰው ጀመር። ያማከረው አንድ ጋራዥም «ሞተሩ አየር አጥሮታል፤ ትሮትል ቦዲው ጠባብ ስለ ሆነ በሰፊ ይለወጥ» አለው። ወንድሜ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ወደ እኔ ደውሎ፣ «አንተ መሐንዲስ ነህ፤ ምን ትላለህ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በሥራ ተወጥሬ ስለ ነበር ሳልለካና ሳላሰላ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አየር ሲበዛ ጉልበት መጨመሩ አይቀርም፤ ይለወጥ» ብዬ መለስሁለት። መልሴ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አልፈጀም።

እንግዲህ ያን ጊዜ ማድረግ ይገባኝ የነበረውን ስሌት ዛሬ አብረን እናድርገው።

እንደሚታወቀው ትሮትል ቦዲ ማለት በአየር ማጣሪያውና በአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ መካከል የሚገኝ፣ በውስጡ የሚዞር ክዳን ያለው ቧንቧ ነው። ነጂው ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ ክዳኑ ይከፈታል፤ አየርም ወደ ሲሊንደሮቹ ይገባል። የቤንዚን ሞተር ጉልበት የሚለካው በሚስበው አየር ክብደት ስለ ሆነ፣ በር ቢሰፋ ጉልበት ይጨምራል የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ የመነጨ ነው። አስተሳሰቡ ከሥሩ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ መጠኑን ሳይጠይቁ መቀበሉ ላይ ነው።

ባለ 2.7 ሊትር ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚሞላ፣ በደቂቃ 5,000 ዙር ሲዞር 6,750 ሊትር፣ ማለትም በሰከንድ 112 ሊትር ያህል አየር ይጠይቃል። ሲሊንደሮቹ 85 በመቶ ይሞላሉ ብንል በሰከንድ 96 ሊትር ይሆናል። ይህ አየር 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው በር ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 34 ሜትር ገደማ ነው። የአዲስ አበባ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብለን ብናሰላ፣ ይህ ፍጥነት የሚያስከትለው የግፊት ኪሣራ በ520 ፓስካል አካባቢ ይሆናል። በሩን ከ60 ወደ 65 ሚሊ ሜትር ብናሰፋው የበሩ ስፋት በ17 በመቶ ያድጋል፤ ኪሣራውም ወደ 380 ፓስካል ይወርዳል። ትርፉ 140 ፓስካል ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት 76,000 ፓስካል ገደማ ስለ ሆነ፣ ያ ሁሉ ወጪ ያስገኘው ትርፍ ከ1,000 ሁለት እጅ ያህል ነው ማለት ነው። 100 የፈረስ ጉልበት ካለው ሞተር ሩብ ፈረስ እንኳ አይሞላም። በክዳኑና በዘንጉ ምክንያት ኪሣራውን እጥፍ አድርገን ብንወስደው እንኳ ግማሽ ፈረስ አይደርስም።

ታዲያ የመኪናው ጉልበት የት ሄደ? አንደኛው መልስ ከራሳችን አገር ከፍታ ይገኛል። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። በ2,355 ሜትር ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ወደ 76 ይወርዳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ ከ70 አይበልጥም። የደጋው ቅዝቃዜ ጥቂት ቢክሰውም፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህ ኪሣራ የበር ጥበት ያመጣው አይደለም፤ ውጭ ያለው አየር ራሱ ስስ ስለ ሆነ ነው። ጉድጓዱ ውሃ ካጠረው ባልዲውን ማስፋት ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛው መልስ የተገኘው በመለካት ነው፤ ወደዚያም የወሰደን አደጋ ነበር።

አዲሱ ትሮትል ቦዲ እንደ ተገጠመ ወንድሜ እጅግ ተደስቶ ነበር። «ገና ስነካው ይፈተለካል» አለኝ። ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ማታለያ ያለበት እውነት ነው። ሰፊ በር በጥቂቱ ሲከፈት ከጠባቡ ይልቅ ብዙ አየር ስለሚያስገባ፣ እግር ገና ሲያርፍ መኪናው ይነቃል። ነጂውም ይህን መንቃት እንደ ጉልበት ይቆጥረዋል። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ግን ያው የቀድሞው ሞተር ነው። ከዚህም ጋር ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይል ጀመር፤ ጋራዡ በቡሎን አስተካክሎ መለሰለት።

በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቢያነሣም ሞተሩ አልቀነሰም። የክዳኑ ጠርዝ ከቧንቧው ልክ ጋር በትክክል ያልተጣጣመ ስለ ነበር፣ ሞተሩ ሲግል ክዳኑ በከፊል እንደ ተከፈተ ተጣበቀ፤ የመመለሻው ሞላም ሊያሸንፈው አልቻለም። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሞተር ኃይል መኪና ለመያዝ ማርሽ የቀነሰ ሰው፣ ሞተሩ ራሱ ወደ ፊት ሲገፋው ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱት። ወንድሜ ፍሪሲዮኑን ረግጦ፣ ፍሬኑን ይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ በተራራው በኩል ከመንገዱ ዳር አቆመ። ማታ ሲደውልልኝ አልተቆጣም። «አንተን አምኜ ነው» ብቻ አለኝ። ይህች ቃል ከቁጣ የከበደች ነበረች።

በሚቀጥለው እሑድ ሁለታችን መኪናውን መረመርን። መሣሪያችን ቀላል ነበር። ብርሃን የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ጎማ እንደ «ዩ» ፊደል አጥፈን፣ ቀለም ያለው ውሃ ጨምረን፣ አንዱን ጫፍ ከአየር ማጣሪያው በኋላ ካለው ቧንቧ ጋር አገናኘን፤ ሌላውን ጫፍ ክፍት ተውነው። አሥር ሴንቲ ሜትር የውሃ ልዩነት አንድ ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ይህ የውሃ መለኪያ ከትሮትሉ በታች ከቶ መገናኘት የለበትም። ክዳኑ ሲዘጋ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ብርቱ ስለ ሆነ ሞተሩ ውሃውን ይጠጣዋል። ለዚያ ቦታ የቫክዩም ጌጅ ተጠቀምን።

የመጀመሪያውን ትሮትል ቦዲ መልሰን ዳገት ላይ ሙሉ በሙሉ ስንረግጠው፣ ከውጭ አየር እስከ ማኒፎልዱ ያለው ጠቅላላ ኪሣራ አምስት ኪሎ ፓስካል ያህል ሆነ። ከዚህ ውስጥ አራቱ የጠፋው በማጣሪያው ላይ ነበር። ማጣሪያውን ብናወጣው የቆላው አቧራ እንደ ጭቃ ጋግሮበታል። «ጠባብ ነው» የተባለው ትሮትል ከቀሪዎቹ ቧንቧዎች ጋር ተደምሮ የያዘው አንድ ኪሎ ፓስካል ብቻ ነበር። ማጣሪያውን በአዲስ ተካን፤ ያረጁትን ካንዴላዎች ለወጥን፤ ጭነቱም በአምራቹ ከተፈቀደው በላይ እንደ ነበረ ወንድሜ ራሱ አምኖ ቀነሰ። መኪናው ዛሬ ጣርማ በርን እንደ ማንኛውም እኩያው ይወጣል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ትሮትል ቦዲ ማስፋት ምንጊዜም ከንቱ ነው ለማለት አልተነሣሁም። የሞተሩ ይዘት ሲያድግ፣ የካም ዘንጉና ቴስታው ሲለወጡ ወይም ተርቦ ሲጨመርበት የአየሩ ፍላጎት ይጨምራል፤ ኪሣራውም ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ያን ጊዜ ሰፊ በር ተገቢ ሊሆን ይችላል። ግን ይህ የሚታወቀው ግፊቱ በክዳኑ ግራና ቀኝ ተለክቶ ነው። በሚገጠምበትም ጊዜ ሞተሩ ቀዝቅዞም ግሎም ሳለ ክዳኑ በራሱ ሞላ ጥርቅም ብሎ መዘጋቱ ሳይረጋገጥ መኪናው ከጋራዥ መውጣት የለበትም።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከላይ የገለጽሁትን የመለኪያ ዘዴና የክዳኑን ፍተሻ በአንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ አዘጋጅተን ለጋራዦች ብናድል ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። መካኒኮቻችን እጀ ብልሆች ናቸው፤ የጎደላቸው ይህ መለኪያ ነው፤ እሱን ማቀበልም የእኛ ድርሻ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቃሌ ወደ ራሳችን ነው። ዘመድ ወዳጅ በስልክ ሲጠይቀን የምንሰጠው ምክር ማኅተም የለበትም፤ ፊርማም አናኖርበትም። ሰሚው ግን እንደ ታተመ ቃል ይቀበለዋል፤ ሕይወቱንም ይጭንበታል። ስለዚህ «አላውቅም፤ ልለካውና እነግርሃለሁ» ማለትን ከሙያችን ክብር አንዱ አድርገን እንያዘው። እኔ ያን ቀን ይህን ብል ኖሮ፣ ወንድሜ በዚያ ቁልቁለት ላይ ብቻውን ባልተጨነቀ ነበር።