ጥቁሯ መበለትና ዘመዶቿ



በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ ወይም በደምቢ ዶሎ የሚሠራ መሐንዲስ ወደማያየው ስፍራ እጁን ሳይሰድ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። የቆጣሪ ሳጥን፣ የውሃ መዝጊያ ጉድጓድ፣ የተከመረ ብሎኬት፣ ክረምት ያለፈበት ቆርቆሮ፣ ሁሉም ጨለማና ጸጥታ ያለባቸው ናቸው። ጥቁር መበለት የምትባለው ሸረሪትና ዘመዶቿም የሚመርጡት ይህንኑ ነው።

በዚህ ስም ይበልጥ የታወቀችው ጥቁሯ ሸረሪት የአሜሪካ ነዋሪ ናት። የእኛን አህጉር ሠራተኛ የሚመለከተው ግን ቡናማዋ ዘመዷ ናት። ይህች ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1841 የሳይንስ ስም የተሰጣት ስትሆን፣ በአፍሪካ በሰፊው ትገኛለች፤ በሕንፃ ላይ መኖርንም ለምዳለች። በሆዷ ሥር የአሸዋ ሰዓት የሚመስል፣ ብርቱካናማ ምልክት አላት። የእንቁላል ከረጢቷ ዙሪያውን እሾህ መሰል ነገር ስላለው፣ ከራሷ ይልቅ እርሱን መለየት ይቀላል። ድሯ የተዘበራረቀ ቢመስልም ክሩ ጠንካራ ነው።

መበለት የተባለችው ወንዱን ትበላለች ስለሚባል ነው። ይሁን እንጂ አሜሪካዊቷ በተፈጥሮ ስፍራዋ ይህን ዘወትር አታደርገውም፤ ወንዱ ብዙ ጊዜ አምልጦ ይሄዳል። ስሟ ከግብሯ ይከፋል።

የመርዟ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ዋናው ንጥረ ነገር አልፋ ላትሮቶክሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በነርቭ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ካልሲየም ያስገባል፤ ነርቩም ለጡንቻ የሚልከውን ኬሚካል ያለ ልክ ያፈሳል። በቧንቧ ሠራተኛ ቋንቋ፣ መዝጊያው ተከፍቶ እንደ ቀረ ማለት ነው። ጡንቻ ይኮማተራል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። የቡናማዋ ንክሻ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁሯ የቀለለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አለን ብሌር ጥቁሯን ሸረሪት ለ10 ሴኮንድ ያህል ጣቱን አስነከሳት። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በሥቃይ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ድኖም ውጤቱን አሳተመ። ድፍረቱ የሚደነቅ እንጂ የሚመሰል አይደለም።

ከሥቃዩ ባልተናነሰ የሚያሰጋው የምርመራ ስሕተት ነው። ሆድ እንደ ሳንቃ ስለሚደርቅ ሐኪም ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው የሆድ ሕመም ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ተነካሹ እጁ የት እንደ ነበረ መናገር አለበት። በአንጻሩ አልማዝ ባለጭራን ሸረሪት ያመጣዋል የሚሉ አሉ፤ ያ ግን የጉድፍ ቫይረስ ሥራ ነው። ሸረሪቷ ባላደረገችው ትከሰሳለች፣ ባደረገችው ትታለፋለች።

የተነከሰውን ስፍራ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ቀዝቃዛ ነገር መያዝና ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። መብጣት፣ መምጠጥና በገመድ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ሕፃናትና አረጋውያን ቶሎ ይታዩ፤ ሞት ግን እምብዛም አይደርስም።

በአሜሪካ ቀድሞ ብዙዎች የሚነከሱት በግቢ መጸዳጃ ቤት መቀመጫ ላይ ነበር፤ መጸዳጃው ወደ ቤት ውስጥ ሲገባ አደጋው ቀነሰ። ይህን ያደረገው ሐኪም ሳይሆን ግንበኛና የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከነቀምቴ ደጋ ወደ ሞቃታማው የዴዴሳ ሸለቆ ለሥራ የሚወርድ ቡድንም ከመሣሪያው ጋር ወፍራም ጓንት ይያዝ፤ የሳጥኑን ክዳን ከፍቶ በእንጨት ይጥረግ፤ ሌሊት ውጭ ያደረ ጫማን ሳያራግፍ አያጥልቅ። ሳጥኑን የሚሠራውም የገመድ መግቢያውን ቀዳዳ ይድፈን።