ስለ ወረታዋ ጠላ ጠማቂ



የአገራችን የጠመቃ ሥራ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰን እ.ኤ.አ. በ1922 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው በወረታ ከተማ በአምስት ጋን ቤተሰብ ስለሚያስተዳድሩ አንዲት እናት ይሆናል። ስማቸው እንዳይነሣ አሳስበውኛልና አልጠራውም።

ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልባት የገበያ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ በክረምት ያጥለቀልቁታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ወደዚያ ሜዳ ከገባ ወዲህ እህሉ ወደ እንጀራውም ወደ ጠላውም ዘልቋል። ዳጉሳ ሲወደድ ስባሪ ሩዝ ፈጭቶ ከእንኩሮው መደባለቅን ለእኒህ እናት ያስተማራቸው ባለሙያ የለም፤ ራሳቸው ሞክረው፣ ራሳቸው ቀምሰው ያገኙት ነው።

ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ያጥኑታል፤ ጢሱ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ ጠላውን የሚያበላሹትን ጥቃቅን ነፍሳት ይቀንሳል። እንኩሮው ሲታመስ የእህሉ ስታርች በሙቀት ይላላል፤ ብቅሉም ወደ ስኳር ይለውጠዋል። እኛ በቴርሞሜትር የምንሻውን እሳቸው በመዳፋቸውና በሽታው ያውቁታል። ከአንዱ ድፍድፍ ሽያጭ የሚቀጥለው እህል ይገዛል፤ የልጆቹም ደብተር ከዚያው ነው። አንድ ጋን ከመጠጠ የሚደርሰው ጉዳት የአንድ ሳምንት ብቻ አይደለም።

ከባልደረቦቼ ጋር ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሠርተን ወሰድንላቸው። በፎገራ ሜዳ እንጨት ብርቅ ነውና፣ ኩበት ቢቆጥብላቸው ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር። በእርግጥም ቆጠበ። ይሁን እንጂ እንኩሮው አረረ። እሳቸውም ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ ይህ ምድጃ እሳት ይሰጠኛል፤ መልሶ ግን አይወስድልኝም» አሉኝ። ለካ በሦስቱ ጉልቻ ላይ ሲያምሱ እሳቱን በየጊዜው እየሳቡ ያቀዘቅዙት ኖሯል! እኛ ሙቀት እንዳያመልጥ ስንደክም፣ እሳት መሳቢያውን ደፍነነዋል። ከመሥራታችን በፊት አንድ ቀን አጠገባቸው ብንቀመጥ ኖሮ ይህን ባላጣነው።

ምድጃውን ከፊት ለፊቱ ከፍተን መልሰን ወሰድነው። የቁጠባው መጠን ቀነሰ፤ እንኩሮው ግን አላረረም። አሁን የሙሉውን ጠመቃ ሙቀት ከጥንስሱ ጀምሮ ለመለካት ፈቃድ ጠይቄያቸዋለሁ። እሳቸውም ፈቅደዋል፤ ነገር ግን በመለካቱ ሰበብ አንድ ጋን ቢበላሽ እህሉን ማን እንደሚተካ አስቀድሜ እንድነግራቸው ይሻሉ። መልስ አልሰጠኋቸውም። ጥያቄውን ለማኅበራችን ይዤ መጥቻለሁ።