እንግዳ ሆነህ አትቅር
(በሬዲዮ ከቀረበ መልእክት ለንባብ የተዘጋጀ)

ይህ መልእክት ከአገሩ ወጥቶ በአዲስ ቤት ለተቀመጠ ሰው ነው። የቤቱን ቁልፍ ገና ትናንት ለተቀበለ፥ ወይም ከተቀበለ ሰባት ዓመት ሆኖት ልቡ ግን እስካሁን ወደ ቤቱ ላልገባ ሰው ነው። አንተም ወንድሜ፥ አንቺም እህቴ፥ ለየራሳችሁ እንደ ተጻፈ አድርጋችሁ አንብቡት።

ዛሬ በሐሳብ የምንሄደው ሩቅ ነው፤ ሃዋይ ነው። አውሮፕላን ከካሊፎርኒያ ተነስቶ አምስት ሰዓት ያህል በውቅያኖስ ላይ በርሮ የሚደርስባቸው ደሴቶች ናቸው። «ሃዋይን ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። በሥራ፥ በትምህርትም ሆነ በውትድርና ወደዚያ የሚሄድ ሰው አለ። የማይሄደውም ቢሆን፥ ደሴት ላይ ቤት የያዘ ሰው የሚማረው ነገር ሚኒሶታም ሆነ ፍራንክፈርት ላለ ሰው ይጠቅመዋል።

ሥዕሉና ኑሮው

ሃዋይ ሲባል ምን ይታይሃል? ዘንባባ፥ ነጭ አሸዋ፥ አንገቱ ላይ አበባ ያጠለቀ ሰው፤ አይደል? ሥዕሉ ውሸት አይደለም። ባሕሩ በእርግጥም ሰማያዊ ነው፤ ብርዱም ሙቀቱም ሰውን አያስጨንቅም። ነገር ግን ሰው በሥዕል ውስጥ አይኖርም፤ በኪራይ ቤት ነው የሚኖረው። ሃዋይ ደግሞ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ኑሮ የሚወደድባት ናት። አብዛኛው ምግብ በመርከብ ተጭኖ ስለሚመጣ፥ አዲስ ሰው ወተትና እንቁላል ገዝቶ ሲወጣ ደረሰኙን ሁለት ጊዜ ያነባል። አንድ ሥራ አልበቃ ብሎት ሁለተኛ የያዘው ጎረቤት ብዙ ነው።

ናፍቆቱ ደግሞ አለ። በሆኖሉሉና በአዲስ አበባ መካከል የ13 ሰዓት ልዩነት አለ። አዲስ አበባ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆኖ እናትህ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ወደ ጸሎት ቤት ሲወጡ፥ ሆኖሉሉ ገና ቅዳሜ ምሽት አንድ ሰዓት ነው። አንተ ልትደውል ስታስብ እነሱ ተኝተዋል፤ እነሱ ሲነሡ አንተ ሥራ ላይ ነህ።

በዚህ ጊዜ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ አገሩን እንደ ሆቴል ይቆጥረዋል፤ ይዋኛል፥ ፎቶ ይነሣል፥ የጎረቤቱን ስም ግን አያውቅም። ሌላው ደግሞ ሻንጣውን አይፈታም። «ለጊዜው ነው» ይላል። ግድግዳው ላይ ሥዕል አይሰቅል፥ ደጁ ላይ አበባ አይተክል፥ ወዳጅ አያፈራ። «ለጊዜው» ስድስት ዓመት ይሆናል፤ ልጆቹም በዚያው «ለጊዜው» ውስጥ ያድጋሉ። ወገኖቼ፥ ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ ዕድሜ እኮ ነው የሚሄደው!

ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች የላከውን ደብዳቤ ታውቃላችሁ (ኤር. 29)። ምርኮኞቹ ቶሎ እንመለሳለን ብለው ሻንጣቸውን እንዳሰሩ እንዲቀመጡ አልመከራቸውም። ቤት እንዲሠሩ፥ እንዲተክሉ፥ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፥ ለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ነበር ያሳሰባቸው። ከተማይቱ ደኅና ስትሆን እነርሱም ደኅና ይሆናሉና።

ሁለት ስሞች

የሃዋይ ሰዎች በቋንቋቸው አዲስ የመጣውን ሰው «ማሊሂኒ» ይሉታል፤ እንግዳ ማለት ነው። ቆይቶ አገሩን ያወቀውን፥ አገሩም ያወቀውን ሰው ደግሞ «ካማአይና» ይሉታል። ይህ ቃል በቀጥታ ሲተረጎም ምን ይላል መሰላችሁ? የምድሪቱ ልጅ፤ እኛ «የአገር ልጅ» እንደምንለው! በደም የደሴቶቹ ተወላጅ የሆነው ሕዝብ የራሱ ሌላ መጠሪያ አለው፤ ያንን ስም ማንም መጤ አይወስድበትም። ካማአይና ግን በመቆየትና በመኖር የሚደረስበት ስም ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ሰው ከእንግድነት ወደ አገር ልጅነት የሚሻገረው እንዴት ነው? አራት ነገሮችን እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፥ ጫማህን አውልቅ

ሃዋይ ውስጥ የሰው ቤት ስትገባ ጫማህን ደጅ ታወልቃለህ። በየበሩ ላይ የተደረደረውን ነጠላ ጫማ አይተህ ስንት ሰው ውስጥ እንዳለ መቁጠር ትችላለህ። ሙሴም በተቀደሰው ስፍራ ጫማውን እንዲያወልቅ ታዝዞ ነበር (ዘጸ. 3)። አዲስ አገር ስትገባ እንዲሁ ልብህን አውልቅ፤ ማለትም የማን ቤት እንደ ሆነ እወቅ።

ይህ ቤት ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1820 ከቦስተን የተነሡ ሚስዮናውያን ወደዚያ ደረሱ። ቋንቋውን በፊደል ለመጻፍ ደከሙ፤ በ1839 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በሃዋይኛ ተተርጉሞ ተፈጸመ። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በ1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋኗ ካወረዱት ሰዎች መካከል የሚስዮናውያን ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩበት። በ1896 ሃዋይኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ መሆኑ በሕግ ቀረ። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1993፥ የእነዚያ ሚስዮናውያን ወራሽ የሆነችው ቤተ ክርስቲያን ይቅርታ ጠየቀች፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ይቅርታ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ።

ይህን ለምን እነግርሃለሁ? ተወላጁ ጎረቤትህ ፊቱን ቢያጠቁርብህ «ምን በደልኩት?» ከማለትህ በፊት እንድታውቅለት ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ መሠረት ከሃዋይ ተወላጆች ከግማሽ የሚበልጡት ከደሴቶቹ ውጭ፥ በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ነው የሚኖሩት። ኪራይና የኑሮ ውድነት ካስወጧቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ ናቸው። አንተ በደስታ የተከራየሃት ቤት ሌላው ሰው አቅም አጥቶ እያለቀሰ የለቀቃት ልትሆን ትችላለች። ከአገር መውጣትን የምታውቅ አንተ፥ ይህ እንዴት አይገባህም?

ሁለተኛ፥ አቅጣጫውን ተማር

ደሴት ላይ መንገድ ብትጠይቅ «ወደ ሰሜን» አይሉህም። «ማውካ» ይሉሃል፤ ወደ ተራራው ማለት ነው። ወይም «ማካይ» ይሉሃል፤ ወደ ባሕሩ ማለት ነው። ካርታህን አጥፈህ ቀና ብለህ ማየት አለብህ፤ ተራራው የት ነው? ባሕሩስ? አገር የሚለመደው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ውጣ። አውቶቡስ ተሳፍረህ እስከ መጨረሻው ሂድ። ዝናብ በሚመጣበት በኩል ተራራው ለምለም ሆኖ፥ በማዶው በኩል ምድሩ ደርቆ ታያለህ። በሕጉ መሠረት የባሕሩ ዳር የሁሉም ነው፤ ባለ ትልቁ ሆቴል እንኳ አሸዋውን የእኔ ነው ብሎ አያግድህም። ደሃም ሀብታምም እኩል ይቀመጥበታል። የአገሩን ሰዎች ምክር ግን ስማ፤ ለባሕር ጀርባህን አትስጥ ይላሉ። ማዕበሉ እንግዳን አያውቅምና። የመንገዱንም ስም በትክክል መጥራት ተማር። የራስህን ስም ሲያጣምሙብህ ይከፋህ የለም?

ሦስተኛ፥ ከአፈሩ ብላ፥ በአፈሩም ትከል

«ካሎ» የሚሉት ተክል አላቸው። ሥሩን ቀቅለው፥ ወቅጠው፥ «ፖይ» የሚባል ምግብ ይሠሩበታል። በአባቶቻቸው ትውፊት ካሎ የሕዝቡ ታላቅ ወንድም ነው፤ ስለዚህ ያከብሩታል። ታዲያ ካሎ ማለት ምን መሰለህ? ጎደሬ ነው! ወላይታና ሌላውም የደቡብ አገራችን ሰው የሚያውቀው ጎደሬ። አሥራ ሦስት ሰዓት ርቀህ ሄደህ ጎደሬ ጠበቀህ።

ቡናም እዚያ አለ። ከእኛ ጫካ የወጣው ቡና ብዙ አገር ዞሮ ደሴቶቹ ደረሰ፤ በ1828 ሳሙኤል ራግልስ የተባለ ሚስዮናዊ ኮና ወደሚባለው ስፍራ ወሰደው። በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ተተክሎ በቀለ፤ ዛሬ የኮና ቡና በዓለም የታወቀ ነው። ቡና ስደተኛ ሆኖ እዚያ ከጸደቀ፥ አንተ ለምን ትደርቃለህ? ጀበናህን ከሻንጣ አውጣ። ቡናውን ቁላ፤ የቀጣዩን በር አንኳኳና «ኑ ቡና ጠጡ» በል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና። ጎረቤትህ ጃፓናዊ፥ ፊሊፒናዊ ወይም ፖርቱጋላዊ አያት ይኖረዋል፤ አያቶቻቸው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ሊሠሩ ተሳፍረው የመጡ ናቸው። በ1903 የመጡት የመጀመሪያዎቹ ኮርያውያን በዚያው ዓመት ሆኖሉሉ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። ሻንጣቸውን ፈትተው ነበር ማለት ነው።

አራተኛ፥ ድርሻህን ተሸከም

«ኩሌአና» የሚል ቃል አላቸው። መብት ማለት ነው፤ ኃላፊነትም ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል ተይዘዋል። አየህ፥ እኛ ብዙ ጊዜ መብታችንን ይዘን ኃላፊነቱን ለሌላ እንተዋለን። በዚያ አነጋገር ግን አንዱን ካነሣህ ሌላውም አብሮ ይነሣል። በባሕሩ የመዋኘት መብት ካለህ፥ ቆሻሻውን መልቀም ድርሻህ ነው። በሰፈሩ የመኖር መብት ካለህ፥ ብቻቸውን ላሉት ሽማግሌ ጎረቤት ከገበያ ዕቃ ማምጣት ድርሻህ ነው። ሰውን የአገር ልጅ የሚያሰኘው የቆየበት ዓመት ብቻ አይደለም፤ የተሸከመው ነው።

የላሃይናው ዛፍ

ማዊ በምትባለው ደሴት ላይ ላሃይና የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። እዚያ በ1873 አንድ ዛፍ ተተከለ፤ የእኛን ዋርካ የሚመስል፥ የዚያው ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው። የአገሩ ዛፍ አልነበረም፤ ከሕንድ የመጣ እንግዳ ነው። ሲተከል ቁመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል አይበልጥም ነበር። የዚህ ዛፍ ጠባዩ ግን ይገርማል። ከቅርንጫፎቹ ሥር ወደ ታች ይለቃል፤ ሥሩ መሬት ሲነካ ይወፍርና ሌላ ግንድ ይሆናል። እንዲህ እያደረገ በየዓመቱ አዲስ ሥር እየሰደደ አደባባዩን በሙሉ ሸፈነ። የከተማው ሰው ከጥላው ሥር ተገበያየ፥ ዘመረ፥ ልጆቹን አጫወተ።

በነሐሴ መጀመሪያ፥ እንደ ፈረንጆች ኦገስት 8 ቀን 2023፥ እሳት ላሃይናን በላ። ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከተማዋ አመድ ሆነች። ዛፉም ተለበለበ፤ ብዙዎች ሞተ አሉ። ሰዎች ግን ራሳቸው ቤት አጥተው ሳለ ውኃ አጠጡት፥ አፈሩን ተንከባከቡት። በሚቀጥለው ወር ከተቃጠለው ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለ። ሁሉም አልዳነም፤ የሞተው ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ሥር የነበረው ግን ለመለመ።

ወዳጄ ሆይ፥ ለእንግዳ ዛፍ ያን ያህል ሰው የተጨነቀለት ለምንድን ነው? መቶ ሃምሳ ዓመት ጥላ ሲሰጥ ስለ ኖረ ነው። መጤ መሆኑን ማንም አላነሣበትም።

እስቲ ራስህን ጠይቅ። በምትኖርበት ከተማ ነገ ባትኖር፥ ማን ጥላ ያጣል? የስንት ጎረቤት ስም ታውቃለህ? ለዚያች ከተማ ሰላም የጸለይከው መቼ ነው? ሃዋይ መሄድ አያስፈልግህም፤ ባለህበት ሁን። የተወለድክበትን አገር መውደድህን አትተው፤ አብርሃምም በድንኳን እየኖረ የሚናፍቃት አገር ነበረችው (ዕብ. 11)። ነገር ግን በሄደበት ሁሉ ጉድጓድ ቆፍሯል፥ ዛፍ ተክሏል፥ እንግዳ ተቀብሏል።

ዛሬ ማታ ከአልጋው ሥር ያለውን ሻንጣ አውጣና ፍታው። ነገ ደግሞ አንድ በር አንኳኳ። ጌታ በገባህበት አገር ሥር ይስጥህ፤ ለሌላውም ጥላ ያድርግህ። አሜን።