ካያክ በገዛ እጃችን ለመሥራት ስለ መወሰናችን
(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በጣና ላይ የምንቀዝፍበትን የእንጨት ካያክ በምንኖርበት ቤት ጓሮ ልንሠራ መወሰናችን ከተሰማ ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች ቀርበውልናል። አንደኛው፥ «ገዝታችሁ ብትገላገሉ አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ «የተማረ ሰው አናጢ ሊሆን ነውን?» የሚል ነው። ለሁለቱም በአጭሩ መልስ ለመስጠት እንወዳለን።

ካያክ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት የኢኑዊት ሕዝብ የአደን ጀልባ ነው። በግሪንላንድ አዳኙ ባሕር ገፍቶ ካመጣው እንጨት አጽሙን ያዋቅር ነበር፤ ሴቶቹም የባሕር እንስሳ ቆዳ ሰፍተው ያለብሱት ነበር። መለኪያው የባለቤቱ አካል ነው። በተለመደው ልክ፥ ርዝመቱ ሁለት እጅ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ሦስት ጊዜ፥ ስፋቱም የዳሌ ስፋትና ሁለት ጭብጥ ነው። ይኸውም ካያክ እንደ ልብስ በልክ የሚሠራ፥ ከመጀመሪያውም በቤት የተወለደ ዕቃ መሆኑን ያሳያል።

እኛ የምንከተለው ዘዴ ግን አዲስ ነው። ለውሃ የሚሆን የ4 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ በንድፉ መሠረት ይቆረጥና ጠርዝ ከጠርዝ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፤ መጋጠሚያውም በኤፖክሲ ሙጫና በፋይበር ግላስ ጨርቅ ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ አገር የወጣችው «ሚረር» የተባለች ትንሽ ጀልባ ይህን ዘዴ በየቤቱ ለሚሠራው ሰው አስተዋውቃለች። አንድ ኮምፔንሳቶ 2.44 ሜትር ብቻ ሲረዝም ካያኩ ወደ 5 ሜትር ስለሚጠጋ፥ ጫፎቹ የውፍረቱን 8 እጥፍ፥ ማለት 32 ሚሊሜትር ያህል፥ በሰያፍ ተልገው አንዱ በሌላው ላይ ይጣበቃሉ።

እንግዲህ ምክንያታችን ገንዘብ መቆጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባንጀምረው ይሻል ነበር። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነው፤ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ የሚናቅ አይደለም። በካያኩ ውስጥ ከፊትና ከኋላ ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ ካልቆመ፥ ተገልብጦ ውሃ የሞላው ጀልባ ሰው ሊሸከም አይችልም። ሙጫው በትክክል ካልተመጠነም አይጠነክርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በሐይቅ መካከል ያፈሰሰ ግን መልቀሚያ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ አንዱ የሠራውን ሌላው ሳይመረምር ወደሚቀጥለው ሥራ እንዳናልፍ፥ ተንሳፋፊ ሰደርያ ያልለበሰ እንዳይሳፈር፥ በዳር ውሃ ላይ ተገልብጦ መውጣትን ያልተማረም ከዳር እንዳይርቅ ተስማምተናል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ «ራ» የተባለችውን ጀልባ ባሠራ ጊዜ፥ ደንገሉ የተወሰደው ከዚሁ ከጣና ነው። ዓለም በደንገል ጀልባ ሲደነቅ፥ በአገራችን ግን ታንኳ ሠሪው ተንቆ ኖረ። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋንም «ቡዳ» እያልን፥ በሠሩት ማረሻ አርሰን በሠሩት ድስት በላን። «የተማረ ሰው አናጢ ሊሆን ነውን?» የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ንቀት የተወለደ ይመስለናል። መልሳችንም፥ አዎን፥ ሊሆን ነው የሚል ነው። ትምህርት እጅን ከሥራ የሚለይ ከሆነ ለአገር የሚተርፈው ወሬ ብቻ ነው።

ስለሆነም መጋዝ ከማንሣታችን በፊት ወደ ታንኳ ሠሪዎቹ ዘንድ ሄደን፥ ነፋሱ መቼ እንደሚነሣና የትኛው ዳር እንደሚያስጠጋ እንጠይቃለን። የምንሄደውም ለማስተማር ሳይሆን ለመማር ነው። ከመምህራኖቻችን የምንለምነው የንድፉን ልክ እንዲመረምሩልን ነው፤ ከእናንተም ከጓደኞቻችን የምንፈልገው መላጊያና ጥቂት የቅዳሜ ሰዓት ነው።